ደብል ቤዝ ላይ ቀላል ስኬሎችን መለማመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የተጻፉት ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብሎ ለሚቃኘው ባለ አራት ክር ደብል ቤዝ (ኮንትራባስ) ነው። ኖታዎቹን በዶ ሬ ሚ ጠርተናቸዋል። ስለዚህ እዚህ «ሲ» ሲባል ከላ ቀጥላ ያለችው ኖታ ናት፤ በእንግሊዝኛው ፊደል «ሲ» የምትባለው ዶ አይደለችም። የጣት ቁጥሮቹ፦ 0 ባዶ ክር፣ 1 አመልካች ጣት፣ 2 የመሐል ጣት፣ 4 ትንሿ ጣት። በሴንቲ ሜትር የሰጠናቸው ርቀቶች ከነት (ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ፣ መቃኛው አጠገብ ከሚያርፉበት ቁራጭ) እስከ ብርኩማ (ብሪጅ) 105 ሴ.ሜ ለሆነ ክር የተሰሉ ናቸው። በብዛት የሚገኘው 3/4 የሚባለው መሣሪያ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የእርስዎን በሜትር ለክተው ልዩነት ካለው በዚያው ልክ ያስተካክሉ።

መጀመሪያ የትኛውን ስኬል ልያዝ?

ሶል ሜጀርን። ስምንቱም ኖታዎች እጅ ከቦታው ሳይነቃነቅ ይገኛሉ፣ ሦስቱ ደግሞ ባዶ ክሮች ናቸው። አያያዙ እንዲህ ነው፦ ሚ ክር ላይ ሶል በ2፤ ላ ባዶ፤ ላ ክር ላይ ሲ በ1 እና ዶ በ2፤ ሬ ባዶ፤ ሬ ክር ላይ ሚ በ1 እና ፋ ሻርፕ በ4፤ ሶል ባዶ። ከዚያም ሶል ክር ላይ ላን በ1፣ ሲን በ4 መጨመር ይቻላል፤ እጅ አሁንም እዚያው ነው።

ብዙ ጀማሪ ከዶ ሜጀር ይነሣል፣ ፒያኖ ላይ ቀላሉ እሱ ስለሆነ። እዚህ ግን የላይኛዋ ዶ እጅን ከቦታው ታስለቅቃለች። አንድ ቦታ ላይ የእጅ ቅርጽ ሳይጸና ቦታ መቀየር የጀመረ ተማሪ ሁለቱንም ያበላሻል። ጥቂት ሳምንት መታገሥ ያዋጣል።

የቀለበት ጣት ለምን ቁጥር የለውም?

በአንገቱ የታችኛው ክፍል፣ ማለትም ወደ መቃኛው በቀረበው በኩል፣ ብቻውን ስለማይሠራ ነው። በዚያ አካባቢ ከአንዱ ግማሽ ድምፅ እስከ ቀጣዩ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት አለ። አራት ጣት በአራት ግማሽ ድምፅ ላይ ለመዘርጋት አብዛኛው እጅ አይበቃም፤ ቢበቃም ቶሎ ይዝላል። ስለዚህ 1 እና 2 መካከል አንድ ግማሽ ድምፅ፣ 2 እና 4 መካከል ሌላ ግማሽ ድምፅ ይያዛል። የቀለበት ጣት ከትንሿ ጋር አብሮ ክሩን ይጫናል፣ ኃይል ይሰጣታል። ይህ አያያዝ በቪየና ያስተምር ከነበረው ከፍራንዝ ሲማንድል (1840–1912) ስም ጋር የተያያዘ ሲሆን እስከ ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤቶች የመነሻ ትምህርት ነው። አራቱንም ጣት የሚያሠሩ ሌሎች ስልቶች አሉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ግን አንመክራቸውም።

ጣቶቼ በትክክል የት ማረፍ አለባቸው?

ፖዚሽን ማለት እጅ አንገቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ነው። እስካሁን የያዝነው አንደኛ ፖዚሽን ይባላል፤ እዚያ ላይ ከነት ሲለካ 1 ጣት በ11.5 ሴ.ሜ፣ 2 ጣት በ16.7፣ 4 ጣት በ21.7 ሴ.ሜ ላይ ያርፋሉ። ይህ በአራቱም ክር ላይ አንድ ነው። ግማሽ ፖዚሽን የሚባለው ደግሞ አንድ ግማሽ ድምፅ ወደ ነት የተጠጋው ነው፦ 5.9፣ 11.5 እና 16.7 ሴ.ሜ።

አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ፣ ከ2 ጣት ትይዩ ይቀመጣል። ጣቶቹ ጎበጥ ብለው በጫፋቸው ሥጋ ይጫናሉ። የእጅ አንጓ ቀጥ ይላል፣ ክርን ከጎን ጋር ሳይጣበቅ ነፃ ይሆናል። 4 ሲጫን 1 እና 2 ከክሩ አይነሡም፤ ሦስቱም ተጭነው ይቆያሉ። ጣት በተነሣ ቁጥር እጅ ይሰበሰባል፣ ሲመለስም የት እንደነበረ ይጠፋዋል።

በጣም የተለመደው ስሕተት 4 ጣት ዝቅ ማለቷ ነው። ፋ ሻርፕ ተብላ የተያዘችው ኖታ ፋ እና ፋ ሻርፕ መካከል ትቀራለች፣ ስኬሉም ጆሮ ላይ የተጣመመ ይሆናል። ምክንያቱ እጅ በተፈጥሮው መሰብሰብ መውደዱ ነው። በ1 እና በ4 ጣት ጫፎች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩት፤ አንደኛ ፖዚሽን ላይ 10 ሴ.ሜ ትንሽ ማለፍ አለበት። ካነሰ ትንሿን ጣት ብቻዋን አይጎትቷት። ክርንዎን ትንሽ ከፍ አድርገው አመልካች ጣትን ወደ ነት በኩል ይክፈቱት፤ ቦታው የሚገኘው ከዚያ በኩል ነው።

እንደ ጊታር አንገት ፍሬት (የኖታውን ቦታ የሚያሳይ የብረት መስመር) የለውም። ኖታዬ ልክ መሆኗን በምን አውቃለሁ?

በመሣሪያው በራሱ። ሚ ክር ላይ ሶልን በ2 ጣት ይዘው ጠንከር አድርገው ይምቱና ዓይንዎን ያልተነካው ሶል ክር ላይ ያድርጉ። ኖታዋ ልክ ከሆነች ያ ክር ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል፤ መሐሉ ደብዘዝ ብሎ ሰፋ ያለ ይመስላል። አሁን የተመታውን ክር በቀኝ እጅዎ ዝም ያሰኙት፤ ሶል ክር በስሱ መዘመሩን ሲቀጥል ይሰማል። ጣትዎን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ ነት ሸርተት አድርገው ይድገሙት። መንቀጥቀጡ ይከስማል፣ ድምፁም ደረቅ ይሆናል። ይህን ልዩነት ጆሮ ከለመደው በኋላ ሌላ መሣሪያ እስከማያሻ ድረስ ይረዳል።

በዚሁ መንገድ ሶል ክር ላይ ያለችው ላ ባዶውን ላ ክር ታስነሣለች፤ ሬ ክር ላይ ያለችው ሚ ደግሞ ባዶውን ሚ ክር። ላ ክር ላይ ያለችው ሲም ሚ ክርን ትነካዋለች፣ ግን በደካማው ነው። ዶ እንዲህ ያለ ረዳት ክር የላትም። እሷን ላ ክር ላይ ይዘው ከባዶው ሶል ክር ጋር አንድ ላይ ይምቷቸው፤ ሁለቱ አምስተኛ (ፊፍዝ) ስለሆኑ ልክ ሲሆን ድምፃቸው ሳይወዛወዝ ይጋጠማል። ፋ ሻርፕ ለብቻዋ አትፈተንም፤ ቀጥላ ከምትመጣው ባዶ ሶል ጋር እያመላለሱ የግማሽ ድምፁን ጥበት ይስሙ።

ሌላው ጥሩ ዘዴ ሶልን ሳያቋርጥ የሚያሰማ ድሮን ከስልክ ከፍቶ በላዩ ስኬሉን በዝግታ መጫወት ነው። የስልክ ስፒከር የቤዝን ዝቅተኛ ድምፅ ስለማያወጣ በጆሮ ማዳመጫ ያድርጉት ወይም ድሮኑን አንድ ሁለት ኦክታቭ ከፍ ያድርጉት። ቲዩነርን እያዩ መጫወትን ግን አንወደውም። ዓይን መርፌውን ሲከተል ጆሮ ሥራ ይፈታል። ቲዩነር አንድ ኖታ ይዞ ለማረጋገጥ ነው።

አንገቱ ላይ ምልክት ብለጥፍ ይጎዳኛል?

አንድ ምልክት አይጎዳም፤ አሥር ይጎዳል። 1 ጣት አንደኛ ፖዚሽን ላይ የሚያርፍበት (11.5 ሴ.ሜ) በጣት ሰሌዳው ጠርዝ፣ ለእርስዎ ብቻ በሚታየው በኩል፣ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ። የቀሩትን የእጅ ቅርጽ ያገኛቸዋል። ማስቲሽ ያለው ፕላስተር ክሩ ሥር አይለጥፉ፤ ሙጫው እንጨቱ ላይ ይቀራል፣ ክሩንም ያንጫርረዋል። ነጥቧ ራሷ ከሁለት ሦስት ወር በላይ ባትቆይ ይሻላል። አንገቱን ጎንበስ ብሎ ማየት የለመደ ተጫዋች ትከሻውም ድምፁም ይጣመማል።

ስልኬ ላይ ያለው ቲዩነር ሚ ክርን በትክክል አያነብልኝም። እንዴት ልቃኝ?

ባዶው ሚ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የስልክ ማይክሮፎን ይህን በደንብ አይዘውም። የክሩን ትክክለኛ መሐል (52.5 ሴ.ሜ) ሳይጫኑ በጣት ነካ አድርገው ይምቱ። አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ (ሃርሞኒክ) ይወጣል፤ ቲዩነሩ እሱን ያነባል።

በጆሮ ለመቃኘት ደግሞ ሁለት ጎረቤት ክሮችን በሃርሞኒክ ያወዳድሩ። ለምሳሌ ሬ ክርን ሩቡ ላይ (26 ሴ.ሜ ገደማ)፣ ሶል ክርን ሲሶው ላይ (35 ሴ.ሜ) ነካ አድርገው ሁለቱንም ያሰሙ። ሁለቱም ያችኑ ሬ መስጠት አለባቸው። ልዩነት ካለ ድምፁ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው እየዘገየ ሄዶ እስኪቆም መቃኛውን ያዙሩ። ለቀሩት ክሮችም እንዲሁ ነው፦ የወፍራሙ ሩብ ከቀጭኑ ሲሶ ጋር።

ከሶል ሜጀር በኋላስ?

ግማሽ ፖዚሽን ላይ የሚያልቁትን ይያዙ። ፋ ሜጀር፦ ሚ ክር ላይ ፋ 1፣ ሶል 4፤ ላ 0፤ ሲ ፍላት 1፣ ዶ 4፤ ሬ 0፤ ሚ 2፣ ፋ 4። ሲ ፍላት ሜጀር፦ ላ ክር ላይ ሲ ፍላት 1፣ ዶ 4፤ ሬ 0፤ ሚ ፍላት 1፣ ፋ 4፤ ሶል 0፤ ላ 2፣ ሲ ፍላት 4። ሶል ማይነር (ናቹራሉ)፦ ሶል 4፤ ላ 0፤ ሲ ፍላት 1፣ ዶ 4፤ ሬ 0፤ ሚ ፍላት 1፣ ፋ 4፤ ሶል 0።

እዚህ የጣቶቹ መከፈት ሰፋ ይላል፣ 1 እና 4 መካከል 11 ሴ.ሜ ሊጠጋ ነው። ክሩም ነት አጠገብ ይጠነክራል። ሚ ክር ላይ ያለችው ፋ ከሁሉም የከበደች ናት፤ በሙሉ ኃይል ተጭነው እንኳ የምታንጫርር ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ክሩ ነቱ አጠገብ ከጣት ሰሌዳው ያለው ከፍታ የአንድ ቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ቢሆን ይበቃል። ከዚያ በጣም ከበለጠ ነቱን ባለሙያ ያስተካክለው፤ በቤት ፋይል መሞረድ ጉድጓዱን አስጥልቆ ክሩን ለዘለቄታው እንዲያንጫርር ያደርጋል።

ቦታ መቀየር (ሺፍት) መቼና እንዴት?

ከላይ ያሉት አራቱ በዝግታ፣ ያለ እርሳሱ ነጥብ፣ በትክክል ሲወጡ። ያኔ ዶ ሜጀር ጥሩ መግቢያ ነው፦ ላ ክር ላይ ዶ 2፤ ሬ 0፤ ሚ 1፣ ፋ 2፤ ሶል 0፤ ላ 1፤ ከዚያ እጅ ተነሥቶ ሲ በ1፣ ዶ በ2። አመልካች ጣት ከ11.5 ወደ 21.7 ሴ.ሜ ይጓዛል ማለት ነው።

የሚጓዘው ክንድ ነው፤ ጣትና አውራ ጣት አብረው ይሄዳሉ። አውራ ጣት ወደ ኋላ ከቀረ እጅ ይጣመማል፣ ሲም ዝቅ ትላለች። ከመነሣትዎ በፊት ጫናውን ያላሉ፣ ግን ጣቱ ከክሩ አይላቀቅ፤ ክሩን እየዳበሰ ይሂድና ሲደርስ ይጫን። ሙሉ ስኬሉን ደጋግሞ ከመጫወት ይልቅ ላ–ሲ–ላ–ሲ ብቻ በ1 ጣት፣ ዓይን ጨፍኖ መመላለስ የበለጠ ያስተምራል። ከመነሣትዎ በፊት መድረሻዋን ኖታ ያንጎራጉሯት። ጆሮ ያልሰማውን ቦታ እጅ አያገኘውም።

ሬ ሜጀር ላይ ጉዞው ይረዝማል፦ ሬ 0፣ ሚ 1፣ ፋ ሻርፕ 4፣ ሶል 0፣ ላ 1፣ ሲ 4፣ ከዚያ ሦስተኛ ፖዚሽን ላይ (1 ጣት ሶል ክር ላይ ዶ ጋ ሲሆን) ዶ ሻርፕ 2፣ ሬ 4። ላ ሜጀር ደግሞ በተቃራኒው ወደ ነት ይመልሳል፦ ላ 0፣ ሲ 1፣ ዶ ሻርፕ 4፣ ሬ 0፣ ሚ 1፣ ፋ ሻርፕ 4፣ ከዚያ ግማሽ ፖዚሽን ላይ ሶል ሻርፕ 1፣ ላ 2።

ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በዚህ መሣሪያ እንዴት ልያዛቸው?

አምስት ኖታ ብቻ ስላላቸው ከሜጀር ስኬል ይቀልላሉ፤ መነሻ ኖታውን በዘዴ ከመረጡ አብዛኞቹ እጅ ሳይነሣ ያልቃሉ። ትዝታ ሜጀር ከሶል አንደኛ ፖዚሽን ላይ፦ ሶል 2፣ ላ 0፣ ሲ 1፣ ሬ 0፣ ሚ 1፣ ሶል 0። ትዝታ ማይነር ከሶል ግማሽ ፖዚሽን ላይ፦ ሶል 4፣ ላ 0፣ ሲ ፍላት 1፣ ሬ 0፣ ሚ ፍላት 1፣ ሶል 0። ባቲ ማይነር ከሶል፣ እዚያው፦ ሶል 4፣ ሲ ፍላት 1፣ ዶ 4፣ ሬ 0፣ ፋ 4፣ ሶል 0። አምባሰል ከላ፣ አሁንም ግማሽ ፖዚሽን፦ ላ 0፣ ሲ ፍላት 1፣ ሬ 0፣ ሚ 2፣ ፋ 4፣ ላ 2። አንቺሆዬ ከላ አንድ ጊዜ ታስነሣለች፦ ላ 0፣ ሲ ፍላት 1፣ ሬ 0፣ ሚ ፍላት 1፣ ከዚያ አንደኛ ፖዚሽን ላይ ፋ ሻርፕ 4፣ ላ 1።

ቤዝ ተጫዋች መነሻዋንና አምስተኛዋን ማመላለስ ልማዱ ነው። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ላይ ይሠራል። አንቺሆዬ ግን ንጹሕ አምስተኛ የላትም፤ ከላ ሲጀምሩ ሚ ሳይሆን ሚ ፍላት ናት ያለችው። በልማድ ሚን ከመቱ ከዘፋኙ ጋር ይጋጫሉ። ላ እና ሬን ያመላልሱ።

ፍሬት አለመኖሩም እዚህ ጸጋ ነው። ድምፃዊም ማሲንቆም የሚያርፉባቸው ኖታዎች ሁልጊዜ ከፒያኖው ጋር እኩል አይሄዱም፤ ደብል ቤዝ ጣቱን ጥቂት ሚሊ ሜትር አንቀሳቅሶ ሊከተላቸው ይችላል። ይህን ለማድረግ ግን መጀመሪያ ቦታውን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል።

በጣት ልምታ ወይስ በቀስት?

ጃዝ ብቻ የሚጫወት ሰው እንኳ ስኬል ሲለማመድ ቀስት ቢይዝ እንመክራለን። በጣት የተመታ ድምፅ ጆሮ ስሕተቱን ሳይለይ ይከስማል፤ ቀስት ግን ኖታዋን አራት ሰከንድ ዘርግቶ ያሳያል። ቀስቱ ክሩን በቀጥታ አቋርጦ፣ በጣት ሰሌዳው መጨረሻና በብርኩማው መካከል ይሂድ። ሚ ክር ላይ ዝግ ብለው ክብደት ይጨምሩ፤ ወደ ሶል ሲመጡ ፈጠን ቀለል ያድርጉት። ሮዚኑ (የቀስቱ ፀጉር የሚቀባው ሙጫ) የደብል ቤዝ ይሁን፤ የቫዮሊኑ ስለሚደርቅ ወፍራሙን ክር አይዝም።

በጣት ከሆነ የአመልካች ጣትን ጎን ይጠቀሙ እንጂ ጫፉን አይደለም። አውራ ጣት የጣት ሰሌዳው ጎን ላይ ይደገፍ፣ የሚመታው ደግሞ ሰሌዳው ሊያልቅ ሲል ነው። የግራ ጣት ቀጣዩ ኖታ እስኪመጣ አይነሣ፤ ቀድሞ ከተነሣ ስኬሉ ይቆራረጣል።

ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ይጠቅመኛል?

ቅኝቱ አንድ ስለሆነ ኖታዎቹን ፍለጋ አይገቡም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚያስቸግረው እጅ ነው። የተለመደው ቤዝ ጊታር ክር 86 ሴ.ሜ ነው፣ ይህ 105። ለእያንዳንዱ ፍሬት አንድ ጣት የለመደ ሰው 3 ጣትን ማሠራት ይቀናዋል፣ ኖታዎቹም ሁሉ ዝቅ ብለው ይወጣሉ። ለተወሰነ ጊዜ የጣት ቁጥሮቹን ጮክ ብለው እየጠሩ ይጫወቱ።

አውራ ጣቴንና ክንዴን ያመኛል። የተለመደ ነው?

የጣት ጫፍ መቆጥቆጥ የተለመደ ነው፤ የአውራ ጣትና የአንጓ ሕመም ግን የአያያዝ ምልክት ነው። ሶልን በ2 ጣት ይዘው አውራ ጣትዎን ከአንገቱ ያንሡ። ድምፁ ከጠፋ ክሩን በመቆንጠጥ ነበር የያዙት። ክሩን የሚጫነው ወደ ኋላ የሚሳበው የክንድ ክብደት ነው፤ መሣሪያው በሰውነትዎ ላይ ስለተደገፈ ያንን ይችላል። አውራ ጣት ሳይኖር ስኬሉን በዝግታ መውጣትና መውረድ ጥሩ መድኃኒት ነው።

ከፍታውንም ይዩ። ቆመው ሲጫወቱ ነቱ ከቅንድብ እስከ ግንባር አካባቢ እንዲደርስ እግሩን (ኢንድፒን) ያስተካክሉ። ክሩ ከሰሌዳው በጣም ከራቀም ያደክማል፤ በሰሌዳው መጨረሻ ሶል ክር 6 ሚ.ሜ፣ ሚ ክር ከ9 እስከ 10 ሚ.ሜ ገደማ ለብረት ክር ምቹ ነው። ጣት ውኃ መቋጠር ሲጀምር ከመፈንዳቱ በፊት ያቁሙ። መደንዘዝ ወይም የሚቀጥል ሕመም ካለ ልምምዱን አቋርጠው ሐኪም ያማክሩ።

በቀን ምን ያህል ልለማመድ?

ለስኬል ብቻ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ይሻላል። ሜትሮኖም 60 ላይ፣ እያንዳንዷን ኖታ አራት ምት፤ ሲጠራ ሁለት ምት፤ ከዚያ አንድ። ስሕተት በመጣ ቁጥር ከመጀመሪያው አይጀምሩ። እንዲህ ሲያደርጉ የመጀመሪያዎቹ ኖታዎች ብቻ ይበረታሉ። የተበላሸችውን ኖታና ከፊቷ ያለችውን ለብቻ ይዘው ያመላልሷቸው። ከላይ ወደ ታችም ይጀምሩ፤ የቤዝ መስመር የሚወርድበት ጊዜ የሚወጣበትን ያህል ነው።

ኖታው ላይ የተጻፈውና የሚሰማው ለምን ይለያያል?

ደብል ቤዝ ከተጻፈው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ይሰማል። እንደ ድምፁ ቢጻፍ ኖታዎቹ ከመስመሮቹ በታች እየተደራረቡ ለማንበብ ያስቸግሩ ነበር። ከፒያኖ ጋር ሲያወዳድሩ ይህን ያስታውሱ።

ወደ ሁለት ኦክታቭ መቼ ልሂድ?

ሬ ሜጀር ላይ ያለው ረጅም ጉዞ ሲረጋጋ። ሶል ሜጀርን ሶል ክር ላይ ቀጥለው ላ 1፣ ሲ 4፣ ከዚያ ሦስተኛ ፖዚሽን ላይ ዶ 1፣ ሬ 4 ይበሉ። በዚህ አካባቢ አውራ ጣት የአንገቱን ተረከዝ (አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበትን) ያገኛል፤ እዚያ ሲደርስ 1 ጣት በአንዳንዱ መሣሪያ ሬ ላይ (35 ሴ.ሜ)፣ በሌላው ሚ ፍላት ላይ (39 ሴ.ሜ ገደማ) ይወድቃል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ ይፈትሹ፤ ጨለማ መድረክ ላይ እንኳ የማይጠፋ ምልክት ነው። የመጨረሻዋ ሶል የክሩ መሐል ላይ ስለሆነች ሳይጫኑ በሃርሞኒክ ነካ አድርገው ይድረሱባት፤ ጫና ያለው ጣት እዚያ እስኪበረታ ድረስ ይህ ይበቃል።